ለስላሳ ኮራል በስልሳ ሊትር ባሕር

የዛሬው ዝግጅት በቤት ውስጥ ትንሽ የጨው ውሃ ገንዳ አዘጋጅቶ ለስላሳ ኮራል ስለ ማሳደግ ነው። በዝግጅቱ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1825 ቪልሄልም ሄምፕሪኽ የተባለ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሕመም ሞተ። ከባልደረባው ከክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ ጋር ከ1820 ጀምሮ ግብፅን፣ ሲናንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ እየዞሩ ዕፅዋትና እንስሳት ሲሰበስቡ ቆይተው ነበር። ኤረንበርግ ወደ በርሊን ተመልሶ በ1834 ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች ትልቅ ጥናት አሳተመ። የሁለቱ ሰዎች ትዝታ ዛሬም በሁለት ለስላሳ ኮራሎች ላይ ይገኛል። አንዱ የሟቹን ስም የያዘው ዴንድሮኔፍትያ ሄምፕሪኪ ነው፤ ቀይና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ቅርንጫፉ የተንዠረገገ፣ ባሕር ጠላቂ ፎቶ ሳያነሣው የማያልፈው ውብ ፍጥረት። ሌላው ኤረንበርግ ራሱ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሄተሮክሴኒያ ፉሰሰንስ ነው። ይኼኛው ቀለሙ ግራጫማ ቡናማ፣ ቁመቱም አጭር ነው። ነገር ግን ጫፉ ላይ የተሰበሰቡትን ክንዶቹን ሌት ተቀን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ገንዳ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ዐይኑ የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ነው። ሊመርጥ የሚገባው ግን ከሁለተኛው ወገን ነው። ልዩነቱ ያለው አመጋገባቸው ላይ ነው።

ኮራል እንስሳ ነው። አፍና ክንድ ያላቸው፣ ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን አካላት በአንድ ሥጋ ተያይዘው አብረው ይኖራሉ። የለስላሳ ኮራል ፖሊፕ ስምንት ክንዶች አሉት፤ ክንዶቹም ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተዘረዘሩ ናቸው። ድንጋያማ ኮራል ከካልሲየም ካርቦኔት ጠንካራ አጽም ሲገነባ፣ ለስላሳው በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን የካልሲየም ስንጣሪዎችን ብቻ በትኖ ይይዛል። ስለዚህ በማዕበል ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም። የሄተሮክሴኒያ ወገኖች በሥጋቸው ውስጥ በዐይን የማይታዩ አልጌዎችን ያኖራሉ። አልጌዎቹ በብርሃን ስኳር ይሠራሉ፤ ከሠሩትም አብዛኛውን ለአስተናጋጃቸው ይሰጣሉ። መብራት ያገኘ ገንዳ እነዚህን ኮራሎች በአመዛኙ ይመግባል ማለት ነው። ሄምፕሪኪ ግን እንዲህ ዓይነት አልጌ የለውም። በ1995 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ ባለው በኤላት ባሕረ ሰላጤ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ይህ ኮራል የሚኖረው ጅረት የሚያመጣለትን ጥቃቅን ተንሳፋፊ አልጌ ያለማቋረጥ እያጣራ በመብላት ነው። በትንሽ ገንዳ ውስጥ ያን ያህል ምግብ ቢበተን ውሃው ይበላሻል፤ ካልተበተነ ደግሞ ኮራሉ ቀስ በቀስ እየመነመነ ይሞታል።

ሄተሮክሴኒያስ ለምን ክንዱን ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል? እንቅስቃሴ ኃይል ይጨርሳል፤ አንድ ቦታ ተተክሎ የሚኖር እንስሳ ይህን ሁሉ ጉልበት በከንቱ አያባክንም። መልሱ የመጣው በ2013፣ እዚያው ኤላት በተደረገ ምርምር ነው። ተመራማሪዎቹ በባሕር ውስጥ በተተከለ ካሜራ በኮራሉ ዙሪያ ያለውን የውሃ ፍሰት ለኩ። በሥጋው ውስጥ ያሉት አልጌዎች በብርሃን አስተጻምሮ ጊዜ ኦክስጅን ያመነጫሉ፤ ኦክስጅኑ እዚያው ሲከማች ግን ሥራቸውን ያዘገየዋል። የክንዶቹ ምት ይህን ኦክስጅን ጠርጎ ያወጣል፤ የአልጌዎቹንም ምርት በብዙ እጥፍ ከፍ ያደርገዋል። ከዚህ ለገንዳ ባለቤት የሚተርፈው ትምህርት፣ ለኮራል የውሃ እንቅስቃሴ ከብርሃን እኩል አስፈላጊ መሆኑ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ገንዳው እንሂድ። ብዙ ጀማሪ ትንሽ ገንዳ ቀላል ይመስለዋል። በዋጋና በቦታ ቀላል ነው፤ በአያያዝ ግን ከትልቁ ይከብዳል። ለምሳሌ 60 ሊትር ከሚይዝ ገንዳ 3 ሊትር ውሃ ቢተን ጨዉ አብሮ አይተንም፤ በኪሎ 35 ግራም የነበረው የጨው መጠን ወደ 37 ይጠጋል። ከ600 ሊትር ገንዳ ያው 3 ሊትር ቢተን ግን ለውጡ ከቁጥር አይገባም። ሙቀቱም፣ ከተረፈ ምግብ የሚመጣው ቆሻሻም እንዲሁ ነው። ኮራል መጠነኛ ጉድለትን ይችላል፤ የማይችለው ድንገተኛ ለውጥን ነው። በትንሽ ገንዳ ውስጥ የሚደረገው ሥራ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ለውጥን የማዘግየት ሥራ ነው። ለስላሳ ኮራል ለጀማሪ የሚመከረውም ከድንጋያማው ይልቅ እንዲህ ያለውን መዋዠቅ ስለሚታገሥ ነው።

ለመጀመር ከ60 እስከ 80 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ይበቃል። 60 ሊትሩ ከድንጋዩ፣ ከአሸዋውና ከመስታወቱ ጋር ሲደመር ወደ 80 ኪሎ ግራም ስለሚደርስ ጠንካራና ልኩ የተስተካከለ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል። ከሶኬት ሳይርቅ፣ የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ከማይመታው ግድግዳ አጠገብ ቢቀመጥ ይመረጣል። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ከተንጠለጠሉ በኋላ ወደ ላይ እንዲመለሱ ማድረግ ግዴታ ነው። በገመዱ ላይ የሚወርድ የጨው ውሃ ያን ጊዜ ወደ ሶኬቱ ሳይገባ ወለል ላይ ይንጠባጠባል።

የቧንቧ ውሃ ለሰው ቢስማማም ለኮራል አይስማማም። ክሎሪን፣ ፎስፌት፣ አንዳንዴም ከቧንቧው የሚወጣ መዳብ ይኖርበታል። መዳብ ዓሣ በሚችለው መጠን እንኳ ኮራልንና ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ ለዓሣ ሕመም የሚሸጡ መዳብ ያለባቸው መድኃኒቶች ወደ ኮራል ገንዳ የማይገቡትም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አሳዳጊዎች ውሃውን በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ አሳልፈው፣ የቀረውን ማዕድን በሚያስወግድ ሙጫ ያጠሩታል። የሟሟ ማዕድን መለኪያው ዜሮ ሲያሳይ ውሃው ደርሷል።

ቀጥሎ ጨው። እዚህ ላይ ከኢትዮጵያ ምድር የሚጠቀስ አስገራሚ ምሳሌ አለ። የደናክል ረባዳ ምድር በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክፍል ነበር። ባሕሩ ተቆርጦ ሲደርቅ ዛሬ አፋሮች በአሞሌ ቅርጽ እየጠረቡ በግመል የሚያወጡት ጨው ቀረ። በረባዳው ዳርቻም ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው፣ ወደ ድንጋይ የተለወጡ የኮራል አለቶች ይታያሉ። ታዲያ የባሕር ጨው ከሆነ አሞሌው በውሃ ተበጥብጦ ገንዳ ሊሞላ አይችልም ወይ? አይችልም። የባሕር ውሃ ሲተን በውስጡ ያሉት ጨዎች እኩል አይረጉም፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ በየተራ ይለያያሉ። ተጠርቦ የሚወጣው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። በባሕር ውሃ ከሟሟው ጨው 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ቢሆንም፣ ኮራል ያለ ቀሪው 15 በመቶ መኖር አይችልም። ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ባይካርቦኔት ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። አዮዲን የተጨመረበት የገበታ ጨውም ይህን አይተካም። ለገንዳ የሚሆነው በልኩ ተቀምሞ ለዚሁ ሥራ የሚሸጠው የባሕር ጨው ብቻ ነው።

አቀላቀሉ እንዲህ ነው። ንጹሕ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ የተጣራውን ውሃ ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ፣ ትንሽ ፓምፕ እያንቀሳቀሰው፣ ለአንድ ሊትር ከ36 እስከ 40 ግራም የሚደርስ ጨው ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ከዚያ ሙሉ ቀን እየተንቀሳቀሰ ያድራል። በማግስቱ በሪፍራክቶሜትር ሲለካ የጨው መጠኑ 35 ግራም በኪሎ፣ አንጻራዊ ጥግግቱም 1.025 እስከ 1.026 መሆን አለበት። ሰሜናዊው ቀይ ባሕር 40 ይደርሳል፤ በገንዳ የተራቡ ኮራሎች ግን 35ን የለመዱ በመሆናቸው ጀማሪው በ35 ቢጸና ይሻላል። እንስሳ ባለበት ገንዳ ውስጥ ደረቅ ጨው በቀጥታ መጨመር ፈጽሞ አይገባም። ያልሟሟው ቅንጣት የነካውን ሥጋ ያቃጥላል።

(አጭር ሙዚቃ)

በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለ ኢንዶኔዥያዊ ከባሕር የወጣ ድንጋይ፣ የባሕር ውሃና የአየር አረፋ ብቻ በመጠቀም የባሕር እንስሳትን በገንዳ እንደሚያኖር በአንድ የዓሣ አርቢዎች መጽሔት ላይ ጻፈ። ማጣሪያው ድንጋዩ ራሱ ነበር። ስንጥቅና ቀዳዳ በበዛበት ድንጋይ ውስጥ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይለውጡታል። ዛሬ በብዙ ቦታ ከባሕር በተነሣ ድንጋይ ምትክ ደረቅ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ይሸጣል። ይህ ተፈጥሮንም ይጠብቃል፣ ያልታወቁ ተባዮችንም አያስገባም። ለ60 ሊትር ከ5 እስከ 8 ኪሎ ይበቃል። ድንጋዮቹ ውሃ በመካከላቸው እንዲያልፍ ክፍተት ተትቶ ይደረደራሉ። አሸዋው በኋላ ተቆፍሮ ድንጋዩ እንዳይናድም በቅድሚያ መስታወቱ ላይ ይቀመጣሉ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የትዕግሥት ጊዜ ነው፤ ብዙ ገንዳ የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው። ከምግብና ከእንስሳ ተረፈ ምርት አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ወገን ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ይህም መርዝ ነው። ሌላ ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይህ በመጠኑ ሲሆን ጉዳት የለውም። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ድንጋይ ላይ በቂ ሆነው እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ደረቅ ድንጋይ አንዳንዴ ከዚያም ይዘገያል። በዚህ ጊዜ ገንዳው እንስሳ ሳይገባበት 2 ሚሊ ግራም በሊትር የሚሆን አሞኒያ ይጨመርበትና በየጥቂት ቀኑ ይመረመራል። የተጨመረው አሞኒያ በአንድ ቀን ውስጥ ጠፍቶ፣ ናይትራይቱም ዜሮ ሆኖ፣ ናይትሬት ብቻ ሲታይ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ይዘዋል። ወዲያው ድንጋዩና አሸዋው ቡናማ ልባስ ሊለብሱ ይችላሉ። ይህ በአዲስ ገንዳ የሚያልፍ ደረጃ ነው። መድኃኒት ከመጨመር ይልቅ ጥቂት የባሕር ቀንድ አውጣዎችን ማስገባት ይሻላል።

መብራቱ ለኮራል የተሠራ፣ ሰማያዊ የሚያመዝንበት ኤልኢዲ ቢሆን ይመረጣል። ባሕር ቀዩን ብርሃን ቶሎ ስለሚውጠው ወደ ጥልቁ የሚደርሰው ሰማያዊው ነው፤ የኮራል አልጌዎችም የተላመዱት ከእርሱ ጋር ነው። በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃል። ፓር በተባለው የብርሃን መለኪያ ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ባለው ይስማማሉ። አዲስ መብራት በግማሽ ኃይል ተጀምሮ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ከፍ ይደረጋል።

የውሃ እንቅስቃሴን ጥቅም ሰዎች የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከመፈልሰፉ በፊትም ያውቁት ነበር። በ1846 አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት ከባሕር ዳር ያመጣቻቸውን ድንጋያማ ኮራሎች ለንደን ቤቷ ውስጥ ስታኖር፣ ውሃው አየር እንዲያገኝ በየዕለቱ በመስኮት ፊት ከዕቃ ወደ ዕቃ ይገለበጥ ነበር። ዛሬ ይህን ሥራ የማዕበል ፓምፕ ይሠራዋል። በሰዓት የገንዳውን ውሃ ከ10 እስከ 20 ጊዜ የሚያዞር አቅም ያለው፣ አቅጣጫውን የሚቀያይር ቢሆን ጥሩ ነው። የፓምፑ ፍሰት ፊት ለፊት ኮራሉን እንዳይመታም ወደ መስታወቱ ወይም ወደ ውሃው ገጽ ይዞራል።

አዲስ አበባ ላይ ገንዳ የሚያቆም ሰው ሌላም የሚያስበው አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በባሕር ዳር ከሚሟሟው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ የውሃው ገጽ ቀንም ሌትም መናወጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ስለሚቆም በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ በተጠንቀቅ መቀመጥ ይኖርበታል። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ማሞቂያ ስለሚጠይቅም ከማሞቂያው ሌላ ራሱን የቻለ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሚኖሩ ችግሩ ተቃራኒ ነው። በበጋ ማቀዝቀዣው ቢጠፋ የገንዳው ሙቀት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ውሃው ላይ የሚነፍስ ትንሽ ማራገቢያ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ያወርዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

የመጀመሪያው ኮራል የትኛው ይሁን? ሳርኮፊተን ጥሩ ጅምር ነው። እግሩ ወፍራም፣ አናቱ ሰፊ፣ በላዩ ብዙ ፖሊፕ የሚያወጣ ነው። አልፎ አልፎ ፖሊፑን ሰብስቦ፣ አናቱ እንደ ሰም ያብረቀርቅና ለቀናት ተዘግቶ ይቆያል። ይህን ያየ ጀማሪ ሞተ ብሎ ያወጣዋል። ኮራሉ ግን ላዩን ለብሶት የነበረውን ስስ ሽፋን ከነአልጌው እየገፈፈ ነው፤ ትንሽ ፍሰት ሲጨመርለት ሽፋኑን ጥሎ ይከፈታል። ሲኑላሪያም እንዲሁ ታጋሽ ነው። ክሴኒያና ሄተሮክሴኒያ ሲስማማቸው በፍጥነት ስለሚስፋፉ ከዋናው ድንጋይ ተነጥሎ በአሸዋ መካከል በቆመ ድንጋይ ላይ ቢቀመጡ ይሻላል፤ አለዚያ ገንዳውን በሙሉ ይወርሱታል።

ለስላሳ ኮራሎች ጠንካራ አጽም ባይኖራቸውም ራሳቸውን ይከላከላሉ። ሳርኮፊተንና ሲኑላሪያ ወደ ውሃው የሚለቋቸው ኬሚካሎች የጎረቤቶቻቸውን ዕድገት ይገታሉ። በትንሽ ገንዳ ውስጥ ይህ ስለሚጠራቀም ውሃ በሚያልፍበት ቦታ አክቲቭ ካርቦን አስቀምጦ በየወሩ መለወጥ ይመከራል።

የሳምንቱ ሥራ አጭር ነው። በየቀኑ የተነነውን ውሃ በተጣራ፣ ጨው በሌለው ውሃ መተካት፤ በሳምንት አንድ ቀን 6 ሊትር አውጥቶ በዚያው ሙቀትና በዚያው ጨው ልክ የተዘጋጀ 6 ሊትር መመለስ። ካልሲየሙ 420 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ መሆን አለበት፤ ለስላሳ ኮራል ካልሲየም ብዙ ስለማይጠቀም ይህ ቅያሪ የማዕድኑን ጉድለት በአብዛኛው ይሞላል። ናይትሬት ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በሊትር ቢሆን መልካም ነው። ፍጹም ዜሮ እንዲሆን የሚደክም ሰው ኮራሉን ያስርባል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ከለስላሳ ኮራሎች ጋር አብረው የሚሸጡት ዞአንቲድ የተባሉት ወገኖች፣ በተለይም ፓሊቶዋ የተባለው፣ ፓሊቶክሲን የሚባል ከታወቁት ሁሉ እጅግ ብርቱ ከሆኑት አንዱ የሆነ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። ድንጋዩን ለማጽዳት በፈላ ውሃ የቀቀሉ ቤተሰቦች በእንፋሎቱ ታመው ሆስፒታል የገቡበት ጊዜ አለ። እነዚህን የነካ ሰው ጓንትና የዐይን መከላከያ ያድርግ፤ ድንጋያቸውን አይቀቅል፣ በብሩሽም አይፈግፍግ። ልጆች ባሉበት ቤት ጭራሽ ባይገቡ ይመረጣል።

ሳርኮፊተን ካደገ በኋላ ማባዛት ይቻላል። አናቱ ጠርዝ ላይ በስለታም ምላጭ ይቆረጥና ቁራጩ ትንሽ ድንጋይ ላይ በጎማ ላስቲክ ወይም በስስ መረብ ላላ ብሎ ይታሰራል። ሥጋው ስለሚያሟልጭ ሙጫ ብቻውን አይዘውም። በሁለትና በሦስት ሳምንት ይጣበቃል። እናቲቱም ቁስሏን ትዘጋለች። በዚህ መንገድ የተባዛ ቁራጭ ከባሕር ከተነቀለው ይልቅ ለገንዳ ኑሮ የለመደ፣ ዋጋውም የቀነሰ ነው፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ አሳዳጊዎች ይለዋወጡታል። በእስራኤሏ የኤላት ከተማ የሚኖሩ አድማጮች ደግሞ ኮራል በሕግ የተጠበቀ መሆኑን፣ ከባሕር ቁራጭ ማንሣትም ክልክል መሆኑን ያውቁታል። ድንጋያማ ኮራሎችም በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኙ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም።

የበዛውን ኮራል ወደ ባሕር መጣልም ከባድ ጥፋት ነው። በቬኔዙዌላ ጠረፍ ኡኖሚያ ስቶሎኒፌራ የተባለ የክሴኒያ ዘመድ በአኳሪየም ንግድ በኩል እንደገባ ይታመናል። መነሻው የእስያ ባሕር የሆነው ይህ ለስላሳ ኮራል በካሪቢያን ወለል ላይ ምንጣፍ ሆኖ ተዘርግቶ የአገሩን ኮራልና የባሕር ሣር ሸፍኗል። የማይፈለግ ቁራጭ ለሌላ አሳዳጊ ይሰጣል፤ ካልሆነም ደርቆ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል።

ቁጥሮቹን በማስታወሻ ለመያዝ ለሚፈልጉ እንደግማቸዋለን። የውሃው ሙቀት 25 ዲግሪ፤ ጨው 35፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፤ ናይትሬት ከ5 እስከ 10፤ ካልሲየም 420 ገደማ፤ መብራት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት፤ የውሃ ቅያሪ በሳምንት አንድ አስረኛ። ኮራል ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ኮራሉ በገንዳ የተራባ ነው ወይስ ከባሕር የመጣ? እዚህ ሱቅ ስንት ሳምንት ቆየ? ያደገበት ውሃ የጨው ልክ ስንት ነው? ለሦስቱም ግልጽ መልስ ከተገኘ አንድ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ተገዝቶ፣ ሁለተኛው ከመጨመሩ በፊት አንድ ወር ይጠበቃል።